የስፒታልፊልድስ ጥላና የስኳር ደዌ

ከጥንታዊቱ የለንደን ከተማ ቅጥር በስተምሥራቅ ስፒታልፊልድስ የሚባል ሰፈር አለ። በ1197 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቅድስት ማርያም ስም የተመሠረተ፣ ድውያንንና መጻተኞችን የሚቀበል ገዳም በዚያ ሜዳ ላይ ነበረና፣ ሰፈሩ ስሙን ከዚሁ የሕሙማን ቤት ወረሰ። ገዳሙ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ከተዘጋ በኋላ ሜዳው ቀስ በቀስ በቤት ተሞላ፤ ከዚያም ወዲህ በሃይማኖቱ ምክንያት የተሰደደው፣ በግፍ ከአገሩ የተባረረው፣ እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገረው ሁሉ በየዘመኑ እየመጣ መጀመሪያ ጓዙን የሚያሳርፍበት ስፍራ ሆነ። በብሪክ ሌን ጎዳና ጥግ በ1743 ዓ.ም. የታነጸ አንድ የጸሎት ቤት ይህን የሕዝብ መፈራረቅ ይመሰክራል፤ መጀመሪያ ከፈረንሳይ የተሰደዱት ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነበረ፣ ኋላ የሜቶዲስቶች ሆነ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ላይ ከሩሲያ ግዛት የመጡት አይሁድ ምኵራብ አደረጉት፣ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቤንጋል ሙስሊሞች መስጊድ ሆኖ ይኖራል። በግድግዳው ከፍታ ላይ የተሠራበት ዓመት የተጻፈበት የፀሐይ ሰዓት ተተክሏል፤ በላዩም የሰው ልጅ ጥላ መሆኑን የሚያሳስብ የላቲን ቃል ተቀርጾበታል።

ያን ቃል ያስቀረጹት ሰዎች የሕይወትን አላፊነት ለማሳሰብ እንጂ ስለ ሕክምና ለማስተማር እንዳልነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን ፀሐይ ለሁሉ እኩል ትወጣለች ቢባልም፣ ወደ ሰው ቆዳ የምትደርሰው በቤቱ፣ በሥራው፣ በልብሱና በስጋቱ ልክ ተሰፍራ በመሆኑ፣ የዚህ ሰፈር ነዋሪዎች ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል፣ ዘራቸውና ሃይማኖታቸው ቢለያይም፣ አንድ ነገር በጋራ ጎድሎባቸው ኖረዋል። ያ ጉድለት በአንድ ዘመን የሕፃናትን አጥንት ሲያጎብጥ ታየ፤ ዛሬ ደግሞ ሁለተኛው ዓይነት ከሚባለው የስኳር በሽታ ጋር ዝምድና ይኑረው አይኑረው ሊቃውንቱን ሲያከራክር ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የመጀመሪያው ነገር እንዴት እንደተፈታ ሳያውቁ የሁለተኛውን ክርክር መመዘን ስለማይቻል፣ ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ይገባል።

የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ አሥራ አራተኛ በ1685 ዓ.ም. ለፕሮቴስታንቶች የሃይማኖት ነፃነት ይሰጥ የነበረውን የናንት አዋጅ በሻረ ጊዜ፣ ሁግኖ የተባሉት እነዚያ ክርስቲያኖች በብዙ ሺህ ሆነው ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ፤ ከመካከላቸውም ሐር የመሸመን ጥበብ የነበራቸው በስፒታልፊልድስ ሰፈሩ። ሐር ረቂቅ ክር በመሆኑ፣ አበባውንና ቅጠሉን እየለዩ ለመሸመን ብዙ ብርሃን ያስፈልጋልና፣ በቤታቸው ጫፍ ከጣራው ሥር ባለው ሰገነት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ሰፊ የመስተዋት መስኮት እያሠሩ ዕቃቸውን ከሥሩ ተከሉ። እነዚህ መስኮቶች ዛሬም በፎርኒየር ጎዳናና በአካባቢው ባሉት አሮጌ ቤቶች ላይ ይታያሉ። ቤቱን የሚመለከት ሰው እዚህ የኖሩት ሰዎች ብርሃን ጠግበው ኖሩ ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን ተራ መስተዋት ለዓይን የሚያገለግለውን ብርሃን አሳልፎ፣ በቆዳ ውስጥ ቫይታሚን ዲን የሚያሠራውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ክፍል ያስቀራል። ሸማኔው፣ ሚስቱና ክር የሚያጠነጥኑት ልጆቹ ከንጋት እስከ ማታ በዚያ መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ ሐሩ ብርሃን ሲያገኝ እነርሱ ግን ከፀሐይ ድርሻቸው ጎድለው ይውሉ ነበር። በዚህ ላይ ከ1696 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በመስኮት ቁጥር ግብር ስለጣለ፣ በአገሩ ያሉ የቤት ባለቤቶች ግብሩን ለመቀነስ መስኮታቸውን በጡብ እስከ መድፈን ደረሱ፤ ይህም ሕግ እስከ 1851 ዓ.ም. ድረስ አልተሻረም። በሰው ልጅ ላይ ከተጣሉት ግብሮች ሁሉ ይህን ያህል የሚያሳዝነኝ የለም፤ ድኻው የሚከፍለው ገንዘብ ቢያጣ ብርሃኑን እንዲከፍል ያደረገ ነውና።

የአጥንት መለስለስ፣ በሐኪሞች ቋንቋ ሪኬትስ የሚባለው ደዌ፣ በለንደን የሙታን መዝገብ ላይ የሞት ምክንያት ሆኖ መጀመሪያ የተጻፈው በ1634 ዓ.ም. ነው። በ1645 ዓ.ም. ዳንኤል ዊስለር የተባሉት እንግሊዛዊ በላይደን ስለዚሁ የምረቃ ድርሳን ጻፉ፤ በ1650 ዓ.ም. ደግሞ የታወቁት ሐኪም ፍራንሲስ ግሊሰን ሰፊ መጽሐፍ አወጡለት። የሕፃኑ እግር ይጎብጣል፣ የእጁ አንጓ ያብጣል፣ በጎድኑ ጫፎች ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ይታያል፤ ሴት ልጅ እንደሆነች ደግሞ የዳሌዋ አጥንት ተጣሞ ስለሚጠብ፣ ካደገች በኋላ በምጥ ጊዜ ለራሷም ለልጇም የሞት ምክንያት ይሆናል። በአውሮፓ አህጉር ያሉ ሕዝቦች ይህን ደዌ የእንግሊዝ በሽታ እያሉ ይጠሩት ነበር። የድንጋይ ከሰል ጢስ ሰማዩን እየሸፈነ፣ ጎዳናው እየጠበበ፣ ፋብሪካው እየበዛ በሄደ መጠን በሽታው ተስፋፋ።

በ1889 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሁለት ካርታዎች ታተሙ። አንደኛው ቻርልስ ቡዝ የምሥራቅ ለንደንን ጎዳናዎች እንደየነዋሪዎቹ ድህነት በቀለም ለይተው ያሳዩበት ሲሆን፣ ሁለተኛው የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ከአባላቱ በሰበሰበው ቃል መሠረት ሪኬትስ በየትኛው አውራጃ እንደሚበዛ የተመለከተበት ነው። ሐኪሞቹ በካርታቸው ላይ በሽታው በትልልቅ ከተሞችና በፋብሪካ አገሮች ተከማችቶ፣ በገጠሩ ግን እምብዛም ሳይገኝ አዩ፤ ምክንያቱን ግን አልደረሱበትም። ያን ምሥጢር አስቀድሞ የዳሰሰ ሰው አልታጣም ነበር፤ የፖላንዱ ሐኪም ዬንጄ ሽኒያዴስኪ በ1822 ዓ.ም. የከተማ ሕፃናት ሲታመሙ የገጠሮቹ እንደሚድኑ አስተውለው፣ ልጆችን ፀሐይ ማሞቅ እንደሚገባ ጽፈዋል። ካርታው ከወጣ በኋላ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ፣ በጃፓን አገር በኒጋታ ሚሲዮናዊ ሐኪም ሆነው ያገለገሉት ቴዎባልድ ፓልም በዚያ ያላዩትን ደዌ በሰሜን እንግሊዝ ሞልቶ ቢያገኙት፣ በሩቅ አገር ላሉ ሚሲዮናውያን ባልደረቦቻቸው እየጻፉ ጠየቁ፤ ከየአገሩም የመጣላቸውን መልስ አነጻጽረው፣ ድኻ ሆነው በቆሻሻ ስፍራ ቢኖሩ እንኳ ፀሐይ የሚያገኙ ሕፃናት አጥንታቸው እንደሚጸና፣ ስለዚህም የፀሐይ ማነስ ዋነኛው ምክንያት እንደሆነ አስታወቁ። በጊዜው የሰማቸው ሰው ጥቂት ነበር። ምንም የቤተ ሙከራ ዕቃ ሳይኖረው በደብዳቤና በትዕግሥት ብቻ እውነትን ያገኘ ሰው ከዚህ የበለጠ ክብር ይገባው ነበር እላለሁ።

በዚሁ ዘመን በስፒታልፊልድስ ደግሞ፣ ከ1881 ዓ.ም. ወዲህ በሩሲያ ግዛት የደረሰባቸውን እልቂት ሸሽተው የመጡት አይሁድ የሐር ሸማኔዎቹን ቤቶች ሲወርሱ፣ በሸማኔው ዕቃ ፋንታ የስፌት መኪና ገባ እንጂ ከቤት ሳይወጡ ከንጋት እስከ ሌሊት መሥራቱ አልተለወጠም።

የፓልም ቃል በማስረጃ የጸናው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1919 ዓ.ም. ኤድዋርድ ሜላንቢ በለንደን ቡችሎችን በቤት ውስጥ አስቀምጠው፣ አብዛኛውን ገንፎ እየመገቡ ሪኬትስ እንዲይዛቸው ካደረጉ በኋላ በኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ፈወሷቸው። በዚያው ዓመት በበርሊን ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባሉት ሐኪም በሜርኩሪና በኳርትስ በተሠራ መብራት ሕፃናትን አክመው አዳኑ፤ ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ጨረሩ በአንድ ክንድ ላይ ብቻ ሲያርፍ ያልተነካው የሌላው ክንድ አጥንት አብሮ መዳኑ ነው፤ ከዚህም የተነሣ በቆዳ ውስጥ ተሠርቶ በደም ወደ መላው አካል የሚዘዋወር ነገር እንዳለ ታወቀ። ሃሪየት ቺክና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ጦርነቱ ባስራባት በቪየና ከተማ በሕፃናት ክሊኒክ ሠርተው፣ የዓሣው ዘይትም የፀሐዩም ብርሃን አንዱን ፈውስ እንደሚሰጡ በ1922 ዓ.ም. አሳዩ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የነበሩት ማኮለም ያን የሚፈውሰውን ነገር ከሌሎቹ ለይተው ቫይታሚን ዲ አሉት፤ ጀርመናዊው አዶልፍ ቪንዳውስም ባሕርዩን በመመርመራቸው በ1928 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ አንባቢ ይህን አንድ ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ሪኬትስ ከፀሐይ ማነስ መምጣቱ የተረጋገጠው በካርታና በንጽጽር አይደለም፤ የጎደለውን በመስጠት ድውዩን ለማዳን ስለተቻለ ነው።

የብሪታንያ መንግሥት ዕውቀቱን ሥራ ላይ አዋለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940 ዓ.ም.፣ ማርጋሪን ሁሉ ቫይታሚን ዲ እንዲጨመርበት ታዘዘ፤ ለሕፃናትም የኮድ ዓሣ ዘይት ታደለ። ከጦርነቱ በኋላ ግን በወተቱም በእህሉም በዘይቱም ቫይታሚኑ ስለበዛ፣ በአንዳንድ ሕፃናት ደም ውስጥ ካልሲየም ከልክ አልፎ ጉዳት መጣ፤ በ1957 ዓ.ም. መጠኑ እንዲቀነስ ተደረገ። ከልክ ያለፈ መድኃኒት እንደሚጎዳ ያን ጊዜ በሕፃናት ላይ ታየ፤ ዛሬ ክኒኑን ያለ ሐኪም ምክር በብዛት የሚውጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁት መልካም ነው። በ1952 ዓ.ም. ለንደንን የሸፈነው ገዳይ የጢስ ጉም በ1956 ዓ.ም. የንጹሕ አየር ሕግን ወለደ፤ ሰማዩም ጠራ። የሪኬትስ ታሪክ በዚህ የተፈጸመ መሰለ።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ሕዝብ ወደ ሰፈሩ መግባት ጀምሮ ነበር። ዛሬ ባንግላዴሽ ከምትባለው አገር በሰሜን ምሥራቅ ሲልሄት የሚባል ሩዝ አብቃይ አውራጃ አለ፤ ወንዶች ልጆቹ ከቀደመ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ይቀጠሩ ነበር፤ የሚሰጣቸውም ሥራ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ከሰል መቆስቆስ ነበር። በሩዝ ማሳ ላይ በጠራራ ፀሐይ ያደገው ጎልማሳ ሳምንታትን ሙሉ ፀሐይ በማትገባበት በእቶን ፊት ሲቆም፣ በኋላ ቤተሰቡ የሚወርሰው የጥላ ኑሮ ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል። ከመርከብ እየወረዱ በለንደን ወደብ አቅራቢያ የቀሩት ጥቂቶች፣ በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ ዓመታት ለተከተሏቸው ወገኖቻቸው መሠረት ሆኑ፤ ሚስቶችና ልጆች ደግሞ በብዛት የመጡት በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ነው። የአይሁዱን የስፌት ቤት ወረሱ፣ የቆዳ ካፖርት ይሰፉ ጀመር፤ ብዙ ሴቶችም የተቆረጠውን ጨርቅ ወደ ቤት እየተቀበሉ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይሰፉ ነበር። በግንቦት ወር 1978 ዓ.ም. አልታብ አሊ የተባለ ወጣት የልብስ ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በዘረኞች ተወግቶ ሞተ፤ ሰባት ሺህ የሚያህል ሕዝብ አስከሬኑ ያለበትን ሣጥን ተከትሎ ወደ ከተማዪቱ መካከል ሰልፍ ወጣ። በዚያ ዘመን እናት ልጆቿን ወደ ጎዳና ማውጣት መፍራቷ የቀን ተቀን ነገር ነበር። ስለ ቫይታሚን የሚጻፉ መጻሕፍት የቆዳን ጥቁረት፣ የልብስን መሸፋፈን፣ የምግብን ዓይነት ይቆጥራሉ፤ ፍርሃትን ግን የሚቆጥር እምብዛም አላየሁም፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ እርሱን እቆጥራለሁ።

በሰማዩም በኩል ነገሩ ቀላል አልነበረም። ለንደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሃምሳ አንድ ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምትገኝ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ቫይታሚን ዲን የሚያሠራው ጨረር ወደ ምድር አይደርስም ለማለት ይቻላል፤ በበጋም ቢሆን ጥቁር ቆዳ፣ በብርቱ ፀሐይ ሥር ሰውን እንዲጠብቅ የተሰጠ መሸፈኛ በመሆኑ፣ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለማሠራት ከነጭ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ተረሳ የተባለው ሪኬትስም ተመለሰ። በ1962 ዓ.ም. በግላስጎ ከፓኪስታን በመጡ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ተገኘ፤ በኋላም በየከተማው በእስያውያን ልጆችና እናቶች ላይ እየታየ ስለሄደ፣ በ1981 ዓ.ም. መንግሥት ሪኬትስን ለማስቆም ዘመቻ እስከ ማወጅ ደረሰ።

አሁን ወደ ስኳር ደዌ እንምጣ። ፎን ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ በ1889 ዓ.ም. በስትራስቡርግ የውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው በስኳር በሽታ ተያዘ፤ በ1921 ዓ.ም. ባንቲንግና ቤስት በቶሮንቶ ከቆሽት የሚወጣውን ኢንሱሊን ለይተው የሞት ፍርድ የተፈረደባቸውን ሕሙማን አዳኑ። ሆኖም ኢንሱሊን በብዛት ቢሰጣቸውም ስኳራቸው እንደሚገባው የማይወርድ ሕሙማን ነበሩና፣ በለንደን የነበሩት ሃሮልድ ሂምስወርዝ በ1936 ዓ.ም. በሽታው ሁለት ዓይነት መሆኑን አሳዩ፤ በአንደኛው ኢንሱሊኑ ይጠፋል፣ በሁለተኛው አካል ለኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል፣ ቆሽትም ያን እንቢተኝነት ለማሸነፍ ሲደክም ቆይቶ ይዝላል። ከሲልሄትና በጠቅላላው ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ይህ ሁለተኛው ዓይነት ከነጮቹ ብዙ እጥፍ በርትቶ፣ ያውም ብዙ ሳይወፍሩና በወጣትነታቸው ይይዛቸዋል።

ሁለቱን ነገሮች፣ ማለት የፀሐዩን ቫይታሚንና የቆሽቱን ኢንሱሊን፣ መጀመሪያ ያገናኘው ማስረጃ ከአይጥ የተገኘ ነው። በ1980 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የነበሩት አንቶኒ ኖርማንና ባልደረቦቻቸው፣ ቫይታሚን ዲ የተነፈጋቸው አይጦች ቆሽት፣ ቫይታሚኑ ከተመለሰላቸው አይጦች ቆሽት ጋር ሲነጻጸር የሚያወጣው ኢንሱሊን በ48 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳተሙ። ቫይታሚኑ ከቆዳ ተነሥቶ በጉበት ከዚያም በኩላሊት ተለውጦ ሥራውን ይጀምራል፤ ኢንሱሊን የሚያመርቱት የቆሽት ሕዋሳትም እርሱን የሚቀበል መቀበያ አላቸው፤ ኢንሱሊኑም ከሕዋሱ የሚወጣው ካልሲየም በመግባቱ ነውና፣ የካልሲየም ጠባቂ የሆነው ቫይታሚን ሲጎድል ያ ሥራ ቢታወክ አያስደንቅም።

በዚያን ጊዜ ባርባራ ቡቸር የተባሉት ሐኪም ከስፒታልፊልድስ ጥቂት ራቅ ብሎ በኋይትቻፕል በሚገኘው፣ በ1740 ዓ.ም. ለድኾች በተመሠረተው የለንደን ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። ከፊታቸው የሚቀርቡት ሕሙማን በአንድ ወገን ቫይታሚን ዲ የጎደላቸው፣ በሌላ ወገን በስኳር ደዌ የሚያዙ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው የተገናኙባቸው ናቸው። ስለዚህ ከባልደረቦቻቸው ጋር የምሥራቅ ለንደን እስያውያንን መርምረው በ1995 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡት ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ቫይታሚኑ የጎደላቸው እንደሆነ፣ ጉድለታቸውም ከኢንሱሊን አመነጫጨታቸው ማነስ ጋር እንደሚሄድ፣ ቫይታሚኑ ሲሰጣቸውም ኢንሱሊኑ ከፍ እንደሚል ገለጹ። ደዌውን ፈወስን አላሉም፤ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል አሉ። ይህን ልከኝነታቸውን አከብራለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን የማከብረው፣ የስደተኛውን ደዌ በዘሩና በባህሉ ብቻ አመካኝቶ ከማለፍ ይልቅ፣ በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ምን እንደጎደለው መጠየቃቸውን ነው።

ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር፣ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ በደማቸው ቫይታሚን ዲ ያነሰ ሰዎች በኋላ ዘመናቸው በሁለተኛው የስኳር በሽታ ይበልጥ እንደሚያዙ ተደጋግሞ ታየ። ነገር ግን አብሮ መሄድ አንዱ የሌላው ልጅ ነው አያሰኝም። የወፈረ ሰው ቫይታሚኑ በስቡ ውስጥ ስለሚቀር ደሙ ውስጥ ያንሳል፣ ውፍረት ደግሞ ራሱ የስኳር ደዌ መንገድ ነው፤ የታመመና የደከመ ሰው ወደ ውጭ አይወጣም፣ የማይንቀሳቀስም እንዲሁ። በዘር የወረሱት ጠባይ ቫይታሚናቸውን ዝቅ ያደረገባቸውን ሰዎች መርምረው በ2015 ዓ.ም. ያሳተሙ ሊቃውንትም፣ እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በስኳር በሽታ እንደሚያዙ የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም።

አንባቢዬ ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ጉም ነገር ነው፣ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ያላትን አገር አይነካም ይል ይሆናል። ነገር ግን የአገራችን ሐኪሞች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባ የተመረመሩት ሰዎች በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዲ ከኖርዌዮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በ1997 ዓ.ም. በታተመውና በአዲስ አበባ በተደረገው ሌላ ምርመራ፣ በሳንባ ምች ከታመሙት 500 ሕፃናት 42 በመቶው፣ ካልታመሙት 500 ደግሞ 4 በመቶው ብቻ የሪኬትስ ምልክት ነበረባቸው። በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረገውና በ2015 ዓ.ም. የታተመው ደግሞ፣ ጉድለቱ ከገጠሩ ልጆች ይልቅ በከተማዎቹ ላይ እጅግ የበዛ መሆኑን አሳይቷል፤ ሽኒያዴስኪ በ1822 ዓ.ም. ያዩት ይኸው አልነበረምን? እናቶቻችን አራሱን ከምች፣ ከነፋስና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ሲሉ፣ ወንዱን እስከ አርባ ሴቷን እስከ ሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ በጨርቅ ጠቅልለው በጓዳ ያቆያሉ፤ ጥንት ከአርባና ከሰማንያው በኋላ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ወንዝ፣ ወደ ማሳ፣ ወደ ገበያ ይወጣ ነበረና ጓዳው ያስቀረበትን ሜዳው ይመልስለት ነበር። ዛሬ ግን በከተማ ግቢ በሌለው ቤት ጓዳው ሲኖር ሜዳው የለም። የጤና ሠራተኞች ሕፃኑን የጠዋት ፀሐይ አሙቂ እያሉ እናቶችን መምከራቸው ስለዚህ የተገባ ነው። በ1984 እና በ1991 ዓ.ም. በአየር ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያንም፣ በአገራቸው እምብዛም ያልነበረው የስኳር በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመካከላቸው በዝቶ ታየ፤ በሴቶቻቸውም ላይ የቫይታሚን ዲ ጉድለት በብዛት መገኘቱ በ1995 ዓ.ም. ታትሟል። ሆኖም በዚያች አገር እንግዳው ምግብ፣ የመቀመጥ ኑሮና የስደት ሐዘን ሁሉ አብረው ስለመጡ፣ ነገሩን ለፀሐይ ማነስ ብቻ መስጠት ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ፍርዱ ሪኬትስ በተፈተነበት መንገድ፣ ማለት የጎደለውን በመስጠት፣ መፈተን ነበረበት፤ ተፈተነም። በኖርዌይ በትሮምሶ ከተማ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ 511 ሰዎች፣ ግማሾቹ ቫይታሚን ዲ፣ ግማሾቹ ምንም መድኃኒትነት የሌለው አምሳያ ክኒን እየተሰጣቸው አምስት ዓመት ተጠብቀው፣ በ2016 ዓ.ም. በታተመው ውጤት በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በአሜሪካ 2,423 ሰዎች በየቀኑ 4,000 ዩኒት ወይም አምሳያውን ወስደው፣ በ2019 ዓ.ም. እንደተገለጸው ሕመሙ ቫይታሚን ከወሰዱት 24.2 በመቶውን፣ ካልወሰዱት 26.7 በመቶውን ያዘ፤ ልዩነቱም ከአጋጣሚ ለመለየት የሚበቃ አልነበረም። በጃፓን 1,256 ሰዎች ላይ የተደረገው የ2022 ዓ.ም. ፈተናም ከዚህ አልራቀም። ሦስቱ በአንድነት ሲመዘኑ ግን በ2023 ዓ.ም. የታተመው ስሌት ቫይታሚኑ ሕመሙን በ15 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ፤ በ2024 ዓ.ም. የወጣው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ለስኳር በሽታ እጅግ ለተቃረቡ አዋቂዎች ከምግብና ከእንቅስቃሴ ምክር ጋር ቫይታሚኑ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ።

ጥቅሙ ትንሽ መሆኑን አይተው ነገሩ ተዘጋ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ፈተናው የተደረገባቸውን ሰዎች ማንነት ስመለከት አልተዘጋም እላለሁ። በአሜሪካው ፈተና ከገቡት ሰዎች 78 በመቶው ሲጀመር ቫይታሚን ዲ የሚበቃቸው ነበሩ፤ ያልተራበ ሰው ቢመገብ ምግብ ረኃብን አይፈውስም አያሰኝም። እጅግ የጎደላቸው 103 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በእነርሱ መካከል ቫይታሚኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በግማሽ ባነሰ መጠን ታመሙ፤ ቁጥሩ ጥቂት፣ ስሌቱም ከፈተናው በኋላ የተነሣ በመሆኑ ግን ማስረጃ ሊሆን አይበቃም፤ ጥያቄ ለማንሣት ግን ይበቃል። በኋይትቻፕል የተነሣው ጥያቄ ደግሞ ስለነዚህ ጥቂቶች እንጂ ስለ ሌሎቹ አልነበረም። እነርሱን ብቻ ሰብስቦ መፈተን ደግሞ፣ አጥንቱን የሚጎዳ ጉድለት እንዳለበት ከታወቀ ሰው ላይ ለዓመታት መድኃኒቱን ማስቀረት ስለሚሆን፣ ሕሊና ያለው ሐኪም አይፈቅደውም። በብሪታንያም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው ምክር፣ ማንም ሰው በመጸውና በክረምት፣ ቆዳው የጠቆረ ወይም ሰውነቱን የሚሸፍን ወይም ከቤት የማይወጣ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ እንዲወስድ ነው፤ ምክንያቱም የተመሠረተው በአጥንትና በጡንቻ ላይ በተረጋገጠው ነገር ላይ ሲሆን፣ ስለ ስኳር ደዌ የሚነገረው በዚያ ውስጥ አልተቆጠረም።